በድሬዳዋ ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው እንዴት እንቁም?

ዕድሜያቸውን ሙሉ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ ቋንቋ የኖሩ የገንደቆሬ ወይም የመጋላ ሰፈር እናት ወደ መሥሪያ ቤት ሲገቡ፣ ጉዳያቸው የሚመዘገበውም ውሳኔው የሚጻፈውም በአማርኛ ነው። አጠገባቸው የሚቆመው ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የአፎቻ (እንደ ዕድር ያለ የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር) አሊያም የዕድር አባል ታዲያ ትልቅ ኃላፊነት ይወድቅበታል፤ በእሳቸው ስም የሚናገረው ሁሉ የእሳቸው ሐሳብ መሆን አለበትና።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቢሮ ሳይሆን ከቤት ነው። ልጆችና ዘመዶች በሌሉበት፣ በሚመቻቸው ቋንቋ፣ ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው፤ ሳይቸኩሉም ያዳምጧቸው። ልጆቹ ቤቱ ተከራይቶ እናታቸው ወደ እነሱ እንዲመጡ ተስማምተው ሳለ፣ እናት ግን ከጎረቤቶቻቸው መለየት ሳይፈልጉ ዝም ያሉበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በቤተሰቡ መካከል አለመግባባት ካለ፣ ጉዳዩ ቢሮ ከመድረሱ በፊት ሁሉም የሚያከብሯቸውን ሽማግሌ ጠርቶ መነጋገር ይበጃል።

በጤና ተቋም ደግሞ አስተርጓሚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሕክምናውን ውጤት ሊለውጠው ይችላል። ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው አያት በአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው አፍ ለሐኪም እንዲናገሩ ማድረግ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ያፍራሉ፣ «ወገቤን ያመኛል» ብለውም ያልፉታል። ቋንቋውን የምትችል ነርስ እንድትገኝ በትሕትና ይጠይቁ፤ ካልተገኘች የሚያምኗትን ጎልማሳ ሴት ይዘው ይሂዱ። አስተርጓሚዋ እያሳጠረች ሳይሆን የተባለውን ሁሉ እንድታስተላልፍ፣ ሐኪሙም ዓይኑን ከታማሚዋ ላይ እንዳያነሳ ያሳስቡ። በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ያለቀውንም ጭምር ከነማሸጊያው፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ከብዙ ገለጻ ያድናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ከመሄድ በፊት ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝና የዓመቱ እድሳት መፈጸሙን ማየት ያስፈልጋል። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ በቀበሌው ልየታ ወቅት ስማቸው መካተቱን ይከታተሉ።

በጣም የሚያደክመው ግን የስም ልዩነት ነው። በአሮጌው የቀበሌ መታወቂያ «ከድጃ»፣ በባንክ ደብተር «ኸዲጃ»፣ በሟች ባላቸው የሥራ ፋይል ደግሞ «ሐዲጃ» ተብለው የተጻፉ እናት፣ ሦስቱም እሳቸው መሆናቸውን እስኪያስረዱ ጡረታው ሊቆም ይችላል። ማንኛውንም ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ስምን ከነአያት፣ የትውልድ ዘመንን፣ አድራሻን ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ፣ ጉዳዩን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁና በዚያው ልክ ያዘጋጁ።

ከመብቶቹ መካከል ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የተተኪዎች ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ለሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታ አበል ይፈቅዳሉ፤ መጠኑም የሟች አበል 50 በመቶ ነው። ጋብቻቸው በኒካሕ ተፈጽሞ የምስክር ወረቀት የሌላቸው ሚስቶች ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም። በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና በአካባቢያቸውም እንዲሁ ሲታወቁ መቆየታቸው በምስክሮች ተረጋግጦ ጋብቻው በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። ምስክር የሚሆኑት ሰዎችም አርጅተዋልና ይህን ጉዳይ ማሳደር አይገባም። ይኸው ሕግ ልጆች ራሳቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ጧሪ ለሌላቸው ደግሞ የከተማ ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት ፕሮግራም አለ፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ድሬዳዋና ሐረርም ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች መካከል ናቸው።

ውክልና ሲያስፈልግ ለጉዳዩ ብቻ የተወሰነ ውክልና ይሁን። ጡረታ ለማስፈጸም የወጣ ወረቀት ቤት ለመሸጥ የሚያበቃ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም፤ አረጋዊዋም ከመፈረማቸው ወይም ጣት ከማሳረፋቸው በፊት ይዘቱ በቋንቋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበብላቸው። በፈለጉ ጊዜ ሊሽሩት እንደሚችሉም ይንገሯቸው።

ወደ ቢሮ በጠዋት ይሂዱ፤ ለወጣት እንኳ አስቸጋሪ የሆነውን የድሬን ፀሐይ በአዛውንት ላይ መጨመር ግፍ ነው። በቃል የተሰጠ ምላሽ ነገ የለም፣ ስለዚህ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን በመዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በራስዎ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። «ፋይሉ አልተገኘም» ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በተባሉ ቁጥር የመለሰልዎትን ባለሙያ ስምና ቀኑን ይጻፉ። ምላሹ ከዘገየ አቤቱታውን በቅድሚያ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ያቅርቡ፤ በዚያ ካልተፈታ ማኅተም ያለበትን ቅጂና የጻፉትን ማስታወሻ አያይዘው የአስተዳደር በደልን ለሚመረምረው ለኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ።