«ቤቱን አደራ» ከተባለ በኋላ፦ የቤተሰብ ቤት ሲወረስ ከየት ይጀመራል?

የአባቴ ቤት ካራ ነው። ከኮተቤ ሽቅብ ወጥተው፣ ከአስፋልቱ ታጥፈው፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ። አራት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ። አባዬ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ታላቅ ወንድማችንን ጠርተው «ቤቱን አደራ፣ የሁላችሁም ነው» አሉት። እሱም እጃቸውን ይዞ «እሺ» አለ። ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ይህንን ብትነግሩ ግን የሚሰማችሁ የለም። ቤቱን ሳንሸጥ፣ ሳንካሰስም ወረቀቱን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀብን። አሁን ብጀምር በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የምሄደው።

አርባው ሳይወጣ የሚደረግ አንድ ነገር

አርባ ሳይወጣ ስለ ቤት ማውራት ነውር ነው። ልክ ነው፣ አታውሩ። የሞት ምዝገባው ግን አርባን አይጠብቅም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ወረዳው ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ። ሰው ሆስፒታል ካረፈ የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። በኋላ የምትረግጡት ቢሮ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሌላም አለ። ሟች በሕይወት እያሉ ውክልና ሰጥተዋችሁ ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። በሞተ ሰው ውክልና ቤት ሸጠው ኋላ ፍርድ ቤት የሚንከራተቱ ሰዎች አሉ።

ቤቱ ምን ዓይነት ቤት ነው?

እማዬ ሰነዶቹን የምታስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ አልጋ ስር። ስንከፍተው ካርታው አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ከስሩ የግብር ደረሰኞች በላስቲክ ታስረዋል፣ የድሮዎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ዋናው ችግር ግን ካርታው ላይ ነበር። የአባዬ ስም «ወ/ሚካኤል» ተብሎ ተጽፏል። መታወቂያቸው ላይ «ወልደሚካኤል» ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ወልደ ሚካኤል»፣ ለሁለት ተከፍሎ። እኛ ሳቅን። አንድ ቢሮ ግን በዚህ ሦስት ጊዜ መለሰን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰነዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሞቹን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ፍርድ ቤት የወራሽነት ፋይል ስትከፍቱ አብራችሁ አንሱት፣ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» ተብሎ በምስክር እንዲረጋገጥ። ለብቻው ሌላ ፋይል ከመክፈት ያድናችኋል።

ከዚያ ዓይነቱን ለዩ። ዳር ከተማ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ካርታ ያለው ነባር ይዞታ ከሆነ፣ ማለትም በሊዝ (ከመንግሥት ጋር በዘመን ገደብ በሚደረግ የመሬት ኪራይ ውል) ያልተያዘ የድሮ ቦታ ከሆነ፣ መንገዱ ቀና ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ እናንተ የምትወርሱት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ውርስ የሚባል ነገር የለም። በ1967ቱ አዋጅ መንግሥት የወሰደው ቤት ነው፣ እናንተ ተከራይ ናችሁ። ከገበሬ በእጅ ውል የተገዛ ወይም ጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሠራ) ከሆነ መጀመሪያ የሚጣራው ይዞታው ሕጋዊ እውቅና ያገኛል ወይ የሚለው ነው። ያ ሳይጣራ ወራሾች ስለ ድርሻ ቢጣሉ በአየር ላይ ነው።

ቦታው በየትኛው ወገን እንዳለም እወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ጉዳያችሁ ከተማው ፍርድ ቤትና ክፍለ ከተማው ጋ ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ከሆነ ግን ሸገር ከተማ ነው፣ ኦሮሚያ። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ቋንቋ ይጻፋል። የአንዳንድ ሰው ቤት ከወሰኑ መቶ ሜትር ላይ ነው። በግምት አትሂዱ፣ ካርታውን የሰጠው ማን እንደሆነ እዩ።

ከቤቱ የእናታችን የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። አባት ሲሞት «ቤቱ የልጆቹ ሆነ» ይላሉ። ወይም በተቃራኒው «እናታቸው ወረሰች» ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም።

በትዳር ጊዜ የተፈራ ቤት የባልና ሚስት የጋራ ነው። ስለዚህ ግማሹ ቀድሞውኑ የእናት ነው። አይወረስም፣ አይከፋፈልም። የሚወረሰው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። እሱን ልጆች እኩል ይካፈላሉ፣ ሴት ወንድ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅም ጭምር። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏን ግማሽ አትወርስም። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢገመት 3 ሚሊዮኑ የእማዬ ነው። ቀሪው 3 ሚሊዮን ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 750 ሺህ ይደርሳል። እኛ ይህንን ደብተር ላይ ስንጽፈው ነው ክርክሩ የቀዘቀዘው። «እማዬን ከቤቷ እናስወጣት ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ሞተ።

ቤቱ ከጋብቻ በፊት የአባት ከነበረ ወይም በውርስ የመጣለት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለያል። የካርታውን ዓመተ ምሕረትና የጋብቻውን ቀን አስተያዩ።

«ቤቱ ለእገሌ ነው ብለውኛል»

ይሄ ዓረፍተ ነገር በየለቅሶው አለ። በቃል ኑዛዜ ቤት መስጠት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊነት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። የእኛ ታላቅ ወንድምም «ለእኔ አደራ ብለው ሰጥተውኛል» ቢል ኖሮ በሕግ ፊት ምንም አይሆንም ነበር። እሱ አላለም እንጂ።

የጽሑፍ ኑዛዜ ከተገኘ ሁለት ነገር እዩ። ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን፣ መፈረሙንም የሚገልጽ ነገር ያስፈልገዋል (ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ፣ ማለትም ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም፣ ባለበት ሁለት ምስክር ይበቃል)። ተናዛዡ በእጁ የጻፈው ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ የተፈረመ መሆን አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥም ፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል አዋዋይ ጋ ካልተቀመጠ ይወድቃል። መሳቢያ ውስጥ አሥር ዓመት የተኛ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ የልብ ስብራት ብቻ ነው።

ሕጉ አደራን በወጉ የማቋቋም መንገድም አለው። አንድ ሰው በኑዛዜ ወይም በስጦታ ንብረቱን ለባለአደራ አስረክቦ፣ «ይህንን አስተዳድር፣ ጥቅሙ ለእገሌ ይሁን» ማለት ይችላል። በሰፈራችን ያደረገው ሰው አላውቅም። እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉና በልባቸው ያለው ይሄ ከሆነ፣ አሁን ጠበቃ ጋ ይዛችኋቸው ሂዱ።

የወራሽነት ማስረጃ

አዲስ አበባ ከሆነ የከተማው ፍርድ ቤት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ምስክር ስትመርጡ የእድር ሊቀመንበሩ ጥሩ ነው፣ ግን ቀጠሮ የማይረሳ ይሁን። የእኛ አንዱ ምስክር ቀኑን ረስቶ ደብረ ብርሃን ሄዶ ተገኘ።

ሁሉንም ልጆች አስገቡ። አንዱን «ውጭ ነው» ብላችሁ ብትተዉት በኋላ መጥቶ ያስሰርዘዋል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። ደግሞ ይሄ ወረቀት ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ነው የሚናገረው። ቤቱ የእናንተ ነው አይልም።

በውርስ ይገባኛል የሚል ክስ በአጠቃላይ የሦስት ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) አለው። ሰውየው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ቀን ይቆጠራል። «ወንድሜ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ዝም ያለ ሰው ይህንን ቢያስብበት አይከፋም።

ሳይከፋፈል የሚቆይ ቤት

አብዛኛው ቤተሰብ ወዲያው አይሸጥም። እኛም አልሸጥንም፣ እማዬ አለች። የአደራ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቤቱን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፣ ባለቤቶቹ አምስት።

አርባው ከወጣ በኋላ እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። እማዬ፣ አራታችን፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ታናሽ እህቴ ተናገረች። አባዬን ስድስት ወር ያስታመመችው እሷ ናት፣ ሥራዋን ትታ። «የሰርቪሱን ኪራይ ማን ነው የሚቀበለው?» አለች። ማንም አልመለሰም። ታላቅ ወንድማችን ለሦስት ወር ሲቀበል ነበር። ሰርቆ አይደለም፣ ጣራ አሳድሶበታል። ግን ወረቀት አልነበረውም፣ ፊቱ ቀላ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ደብተር ግዛ» አሉት። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ከዚያች ቃል የወጣ ነው።

የተስማማነውን ውልና ማስረጃ ወስደን አስመዘገብን። ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፦ ታላቅ ወንድማችን ያስተዳድራል እንጂ ቤቱ የሱ አይደለም፤ እማዬ እስካለች ዋናው ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ኪራዩ በሁለት ፊርማ በሚወጣ የባንክ ሂሳብ ይገባል፤ ከ20 ሺህ ብር በላይ ወጪ ሁሉም ሲስማማ ብቻ ነው፤ እህታችን ላወጣችው የሕክምና ወጪ ከኪራዩ ቀድሞ ይመለስላታል። በየሦስት ወሩ ደብተሩ በቴሌግራም ግሩፓችን ፎቶ ተነስቶ ይላካል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሲመጣ ግሩፑ ይንጫጫል። ይንጫጫ፣ ጤና ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። «ለጊዜው በታላቁ ስም ይዙር፣ ያው የሁላችንም ነው» አትበሉ። ካርታው ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ ሸጦ ወይም አስይዞ ሊበደርበት ይችላል። እሱ ባያደርገውም፣ ሲሞት የሱ ልጆች አደራውን አያውቁም።

ተከራይ ካለ፦ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ይመዝገብ። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ አይጠየቅም። አባዬ በቃል ያከራዩት ሰርቪስ ከሆነ ውሉን በወራሾች ስም አድሱት።

ስም ማዛወር፣ መካፈል፣ መሸጥ

የወራሽነት ማስረጃ፣ ካርታ፣ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት)፣ መታወቂያ ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ትሄዳላችሁ። ስሙ ወደ ሁሉም ወራሾችና ወደ እናት ይዙር። የሚያስደስተው ነገር፦ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱን አይለቅም። ለሌላ ሰው ሲሸጥ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። ደላላው ይህንን ሳይነግር ዋጋ ከጠራ፣ ገዢው ኋላ ሲያውቀው ይሸሻል።

ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ በኤምባሲ ውክልና ይላክ፣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ዜግነት የለወጠ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ይያዝ። ወራሾች ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ድርሻው አይሸጥም።

ለመሸጥ የሁሉም ወራሽ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ እምቢ ካለ ሌላው ክፍፍል መጠየቅ ይችላል። ቦታውን ቆርሶ ለመካፈል ከተማው የሚፈቅደው ዝቅተኛ ስፋት አለ፣ ዳር ያሉት ትንንሽ ቦታዎች ብዙ ጊዜ አይቆረሱም። ከዚያ ያለው ምርጫ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ መግዛት ነው፣ ካልሆነ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ሐራጅ የሁሉም ኪሳራ ነው። ከዚያ በፊት ያንን ሽማግሌ ጥሩ።

ካርታው ከዞረ በኋላ የውሃና የመብራት ቆጣሪም አለ። ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ካርታችን ከዞረ ስምንት ወሩ ነው፣ የመብራት ቢሉ አሁንም በአባዬ ስም ይመጣል፣ «ወ/ሚካኤል» ተብሎ።