ልጃችሁ ሚድል ስኩል ከገባ

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጃችሁ ሚድል ስኩል ከገባ ትምህርት ቤቱ ናሽናል ጁኒየር ኦነር ሶሳይቲ (በትምህርትም በጠባይም የተመሰገኑ ተማሪዎች በአባልነት የሚመረጡበት ማኅበር) እንዳለው ጠይቁ። ብዙዎቻችን ለመመረጥ ጥሩ ውጤት ብቻ የሚበቃ ይመስለናል። አይበቃም። አማካይ ውጤት ቢያንስ ከመቶ 85 ወይም ከ4.0 ነጥብ 3.0 ይፈለጋል፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ አገልግሎት፣ መሪነት፣ ጠባይና ዜግነት ይታያሉ። የሚመርጡት አምስት መምህራን ናቸው፤ ያልተጻፈላቸውን ደግሞ ሊያውቁ አይችሉም።

ልጆቻችን የሚሠሩት በጎ ሥራ ሞልቷል፣ የሚመዘግበው ነው የጠፋው። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥራለች? የዚያኑ ዕለት ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ትጻፍ፤ ኃላፊውን ታስፈርም። የትኛው አገልግሎት እንደሚቆጠር አስተባባሪ መምህሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ የሠራውን የሚሞላበት ቅጽ ሲመጣ የዓመት ሥራ ከየት ይታወሳል?