የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ለአጣሪ ጉባኤ እንዴት ይቀርባል?

ሰበር ላይ፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን በሚያየው ችሎት፣ የተረታ ሰው «ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ እላለሁ» ሲል ይሰማል። እንዲህ ያለ ይግባኝ የለም። ሕገ መንግሥቱ የመተርጎም ሥልጣኑን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል፤ አቤቱታውን አስቀድሞ የሚያጣራው ግን በአንቀጽ 82 የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ 6 የሕግ ባለሙያዎች እና ምክር ቤቱ ከአባላቱ የሚወክላቸው 3 ሰዎች። ማስረጃ እንደገና አይመዝንም፤ ምስክርም አይሰማም።

አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት ጉዳይዎ የመጨረሻ ውሳኔ ማግኘቱን ያረጋግጡ። አዋጅ ቁጥር 798/2005 መብቴ ተጥሷል የሚል ሰው በሕግ የተከፈቱለትን የአቤቱታና የይግባኝ ደረጃዎች ጨርሶ እንዲመጣ ይጠይቃል። ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተሰጠ ደብዳቤ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ይመለሳል። የፍርድ ቤት ክርክር ከነበረ የሰበር ሰሚ ችሎቱም ውሳኔ መኖር አለበት። ክርክሩ ገና በችሎት ላይ ካለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጥያቄውን ወደ ጉባኤው እንዲመራው ማመልከት ይቻላል። ዳኛው ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ካመነ የሚልከው የሕገ መንግሥቱን ጭብጥ ብቻ ነው፤ ዋናው ክርክር እዚያው ይቆያል።

አቤቱታ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ጭብጡ ላይ ነው። «ሰበር የምስክሮቼን ቃል አላመነም» የሚለው ቅሬታ እውነት ቢሆን እንኳ የትርጉም ጥያቄ አይደለም። ይዞታው ያለ ካሳ የተወሰደበትን ሰው እንውሰድ፤ ፍርድ ቤቶቹም «የማየት ሥልጣን የለንም» ብለው መልሰውታል እንበል። ይህ ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ሊከፈል እንደሚገባ አንቀጽ 40(8) ይደነግጋል፤ ካሳ አልተከፈለኝም። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም ማለቱም በአንቀጽ 37 ያለኝን ፍትሕ የማግኘት መብት ይጥሳል። ስለዚህ ውሳኔው በአንቀጽ 9(1) መሠረት ተፈጻሚነት የለውም እንዲባልልኝ እጠይቃለሁ።» አንቀጹ፣ ድርጊቱና የሚጠየቀው ዳኝነት በ3 ዓረፍተ ነገር ተያይዘዋል። አንቀጽ 25ን፣ 37ንና 40ን በጅምላ ደርድሮ የትኛው በምን እንደተጣሰ አለመናገር አቤቱታን ያዳክማል። አንድ ጠንካራ አንቀጽ ይበቃል።

ከአቤቱታው ጋር የየደረጃው ፍርድ ግልባጭ፣ ማኅተም ያረፈበትና ከሥር እስከ ሰበር በቅደም ተከተል የተደራጀ፣ ይያያዛል። በሌላ የሥራ ቋንቋ የተሰጠ ውሳኔ የአማርኛ ትርጉም ይኑረው። ውጭ አገር ያሉ አመልካቾች ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሰጥተው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ አለባቸው፤ ይህ ሳይሟላ ወኪሉ መዝገብ ማስከፈት ይቸገራል። ቤትዎ ሊፈርስ ወይም ፍርዱ ሊፈጸም ቀን ከተቆረጠ የእግድ ጥያቄውን ለይተው፣ የአፈጻጸም ትእዛዙን አያይዘው አብረው ያስገቡ። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ ይህን ባለማወቅ ጥያቄያቸው ሳይታይ ቤታቸውን የሚያጡ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ካለ አቤቱታው ውድቅ ይሆናል። ይግባኝ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአንቀጽ 84 መሠረት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይቀርባል። የጊዜ ገደብ ስላለው ውሳኔው የደረሰዎት ቀን ግልባጩ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ በዚያው ቀንም ገደቡን ከመዝገብ ቤቱ ጠይቀው ይያዙ። ይግባኙ የጉባኤው ምክንያት የት ላይ እንደተሳሳተ ማሳየት አለበት፤ የመጀመሪያውን አቤቱታ ቀን ቀይሮ ማስገባት ዋጋ የለውም።

ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል። በአንቀጽ 83 የተጻፈው 30 ቀን የሚቆጠረው ሐሳቡ ለምክር ቤቱ ከደረሰበት ቀን ነው፤ እርስዎ ካመለከቱበት ቀን አይደለም። ስለዚህ በየወሩ መዝገብዎን ሲጠይቁ በጉባኤው እጅ ነው ወይስ በምክር ቤቱ የሚለውን ለይተው ይጠይቁ። የምክር ቤቱ ውሳኔ ወደፊት በሚነሱ ተመሳሳይ ጉዳዮችም ላይ ይሠራል። አስቀድሞ የተሰጠ ተመሳሳይ ውሳኔ ካገኙ በአቤቱታዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጥቀሱት።