ሐረጎን ለሚወርድ ብስክሌት ጭነት እንዴት ይታሰራል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ፤ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ደግሞ ይጠማዘዛል። የሩቅ መንገድ ብስክሌት በልካችሁ ካሠራችሁ ወይም ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ ሐረጎ ሁሉንም ነገር ይፈትነዋል።

ለቴላዮው፣ ማለትም ለብስክሌቱ ዋና አካል፣ ብረት እመርጣለሁ። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ግን መንገድ ላይ ቢሰበር የሚበይደው ሰው በቀላሉ አታገኙም። የኋላው ጎማ ከፔዳሉ ራቅ ይበል። አለዚያ በነዳችሁ ቁጥር ተረከዛችሁ ቦርሳውን ይመታል። ፖርቶመጋላው (ዕቃ የሚጫንበት ብረት) የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎችም ከመጀመሪያው ይሠሩ። «በኋላ እበይድላችኋለሁ» የሚላችሁን አትስሙ፤ ቀጭኑ ቱቦ ይቃጠላል።

ጎማ 26 ቁጥር፣ የኋላው ቸርኬ ባለ 36 ሽቦ ይሁን። ከፊት ትንሹ ማርሽ ባለ 22 ወይም 24 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 34 ጥርስ ይሁን። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ታመሰግኑኛላችሁ። የኮርቻው ቁመት ደግሞ ተረከዛችሁን ፔዳል ላይ አድርጋችሁ እግራችሁ ቀጥ ሲል ልክ ነው።

አሁን ጭነቱ። መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ዕቃዬን ሁሉ ከኋላ ከመርኩት። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን። ደሴ ከተማ ውስጥ ምንም አልተሰማኝም። ሐረጎን ስጀምር ግን መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ብስክሌቱ በሙሉ ግራና ቀኝ ይወላገድ ጀመር። ደንግጬ መሪውን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩት፤ ባሰበት። የፊት ፍሬኑን በኃይል ስይዝ አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው አይሱዙ ቆመልኝ፤ ሾፌሩን ዛሬም እመርቀዋለሁ። ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ።

ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ሁሌም ታች ይሁን፤ ውሃ፣ የምግብ ዕቃ፣ መፍቻ። ግራና ቀኙን በእጃችሁ እያነሳችሁ አመዛዝኑ። ከጠቅላላው ጭነት ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ወደ ፊት ጎማ ጎንና ጎን አውርዱት። ከላይ የሚቀመጠው ድንኳንና ልብስ ብቻ ነው። ለማሰሪያ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጭረት እወዳለሁ፤ ጫፉ ግን ሽቦው ውስጥ እንዳይገባ ቋጥሩት። ከዚያ ሐረጎን ከመጀመራችሁ በፊት ሜዳ ላይ ጭናችሁ ንዱ፤ አንድ እጃችሁን ለቀቅ አድርጉ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። ሐረጎ ላይ አስተካክላለሁ አትበሉ።

ቁልቁለት ላይ ቢንቀጠቀጥባችሁ፣ የቴላዮውን የላይ ቱቦ በጉልበታችሁ ጠበቅ አድርጉ። መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፤ ፍጥነቱንም ቀስ እያላችሁ ቀንሱ።

ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ ደግሞ ቁልቁለቱን ሙሉ ጨብጣችሁ አትውረዱ። ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። መታጠፊያው ሳይደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። ክረምት ላይ ጉም ስለሚወርድ መብራት አብሩ፤ ፍሬኑም ሲረጥብ ቶሎ ስለማይዝ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት የፖርቶመጋላውን ብሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ አጥብቁ። መንቀጥቀጡ ያላላቸዋል።