ለእንግዳ የሚሆን ሥጋ የሌለው ላዛኛ፣ ከነጾሙ

ሥጋ የሌለው ላዛኛ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በውሃ ምክንያት ነው። በሥጋው ቦታ የሚገቡት ቆስጣ፣ እንጉዳይና ቲማቲም ውሃ የበዛባቸው ናቸው። ያ ውሃ አስቀድሞ ድስት ላይ ካልመጠጠ ኦቨን ውስጥ ይወጣና ትሪው ሥር ይጠራቀማል፤ ሲቆረጥም ላዛኛው ሳህን ላይ ይናዳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ኦቨኑ ከመለኮሱ በፊት ነው።

እንግዳ ሲጠራ ጾመኛ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አይብ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ላዛኛ ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ለሚጾም ሰው አይሆንም። የጾሙ አሠራር ወደ ታች አለ። የሚከተለው ልክ የፍስኩ ነው፤ 33 በ23 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ትሪ ተሠርቶ ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል።

ከሱጎው ይጀምሩ። 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርትና 1 ካሮት በደቃቁ ከትፈው በ80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በመለስተኛ እሳት 15 ደቂቃ ያቁላሉ። 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረው ድልሁ ጠቆር እስኪል ያማስሉ፤ ሥጋው ይሰጥ የነበረውን ጣዕም በከፊል የሚተካው ይህ መጥቆር ነው። ከዚያ 1.5 ኪሎ የበሰለ ቲማቲም ልጠውና ከትፈው ይጨምሩ፤ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርገው ሳይከድኑ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያብስሉ። ማንኪያ በድስቱ መሐል ሲጎተት ሥሩ ለአፍታ ታይቶ ቀስ ብሎ ከተከደነ ደርሷል። ጎምዛዛ ከሆነ ስኳር ከመጨመር ይልቅ ትንሽ ጊዜ ይጨምሩለት።

500 ግራም እንጉዳይ ቆራርጠው በጋለ ሰፊ መጥበሻ፣ በሁለት ዙር ይጥበሱ። ሁሉንም አንድ ላይ ከከተቱት በገዛ ውሃው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው የሚገባው ቡናማ መልክ ከያዘ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል። ጥብሱን ሱጎው ውስጥ ይቀላቅሉት።

1.5 ኪሎ ቆስጣ አጥበው ወፍራም አገዳውን ያውጡ፤ ቅጠሉን በፈላ ውሃ 2 ደቂቃ ነክረው በቀዝቃዛ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አጥብቀው ይጭመቁ። ጠብታ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይድገሙት፤ በዚህ ላይ አይቸኩሉ። 500 ግራም አይብም ማጥለያ ላይ 2 ሰዓት ቆይቶ ይንጠፍጠፍ። ሁለቱን ከ1 እንቁላል፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ያደባልቁ። የእኛ አይብ ለዚህ ሙሌት እጅግ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ስለማያቀልጠው ከላይ ለመሸፈን አይሆንም። ለላዩ 250 ግራም ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ ይፈግፍጉ። ሥጋ ጨርሶ የማይበላ እንግዳ ካለ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የጣሊያን ጠንካራ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ሆድ በሚወጣ ማርጊያ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ለቤሻሜል (ለነጩ የወተት ሶስ) 80 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጠው 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት ይጨምሩና 2 ደቂቃ፣ ሳይጠቁር ያማስሉ። 1 ሊትር ለብ ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ በመምቻ ይምቱ፤ መጓጎል የሚመጣው ብዙ ወተት በአንዴ ሲገባ ነው። ከተጓጎለ በወንፊት ያጥልሉት። በዝግታ 10 ደቂቃ ይብሰል፤ አለዚያ የጥሬ ዱቄት ጣዕም ይኖረዋል። ማንኪያውን ጀርባ ሲያለብስ ጨውና ትንሽ የተፈቀፈቀ ገውዝ ጨምረው ያውጡት። ንጥር ቅቤ አይጠቀሙ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ከ12 እስከ 15 ቅጠል ደረቅ ላዛኛ በ4 ሊትር ውሃና በ2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይቀቀላል። ፓስታው ቀሪውን ብስለት የሚያገኘው ኦቨን ውስጥ ስለሆነ መሐሉ ገና ጠንከር እንዳለ መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይሠራም፤ ሰዓቱን ትተው ጫፉን ቆርጠው ይቅመሱ። የወጣውን ቅጠል ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ነጣጥለው ይዘርጉ፤ ከተደራረበ ይጣበቃል። ሳይቀቀል የሚገባውን ዓይነት ከገዙ ግን ሱጎውን በ1 ብርጭቆ ውሃ ያቅጥኑት፤ ፓስታው የሚበስለው በዚያ ነውና።

ሲደረድሩ ትሪው ሥር ስስ ሱጎ ይቀቡ። በላዩ ፓስታ፣ ሱጎ፣ ቆስጣውና አይቡ፣ ቤሻሜል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። አራተኛው ፓስታ ላይ የተረፈው ቤሻሜልና የተፈገፈገው አይብ ይሁን። ጠርዙ ሳይቀር በቤሻሜል ይሸፈን፤ የተጋለጠ ፓስታ ይደርቅና ጥርስ ይፈትናል።

እስከዚህ ያለው ከዋዜማው ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊያድር ይችላል። የመስታወት ትሪ ከሆነ ከብርዱ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን እንዳይገባ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። 40 ደቂቃ ቀድመው ያውጡት። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በፎይል ሸፍነው 30 ደቂቃ (ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ 45)፣ ገልጠው ደግሞ 20 ደቂቃ ይጋግሩ። ፎይሉ አይቡን እንዳይነካ ዘይት ይቀቡት። መድረሱን ለማወቅ ቢላ መሐሉ ላይ ሰክተው 10 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ጫፉ ካቃጠለ በስሏል። መብራት ይጠፋል ብለው ከሠጉ ከሰዓት በኋላ ጋግረው ሸፍነው ያቆዩት፤ ማታ በ160 ዲግሪ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። ቤሻሜሉ ረግቶ ንብርብሩን የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምን እንግዳ ቢርበው ከዚህ አይቀንሱ። እስከዚያ ሰላጣውን በሎሚ ለውሰው ያቅርቡ።

ለጾም አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና ወተቱ ይወጣሉ። 300 ግራም ድፍን ምስር ሳይፈርስ ቀቅለው፣ አጥልለው ሱጎው ውስጥ ይጨምሩ። ነጩ ሶስ በ80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በ80 ግራም ዱቄትና ስኳር በሌለው 1 ሊትር የአኩሪ አተር ወተት ይሠራል፤ እሱ ካልተገኘ በአትክልት መረቅ ይሆናል። የተጨመቀው ቆስጣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይቁላላ። ከላይ 100 ግራም የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሽተው ይነስንሱ፤ ፎይሉ ተሸፍኖ ይቆይና ለመጨረሻው 15 ደቂቃ ብቻ ይገለጥ። አንዳንድ ላዛኛ በእንቁላል ስለሚቦካ ሲገዙ ካርቶኑን ያንብቡ። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ቀን ከሠሩ ትሪውንም ማንኪያውንም ይለዩ፤ የጾሙንም ቀድመው ይሥሩ።