በአንድ ብርጭቆ ውሃ የብርሃን ኩርባ መሥራትና መሳል

ብርሃን ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሲያልፍ ከኋላው ሁለት ደማቅ ኩርባዎች ይወጡና አንድ ሹል ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ቅርጽ ኮስቲክ ይባላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ኩርባውን የሚሠሩት ጨረሮች አንዳቸውም ጠማማ አይደሉም። በእጃችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ።

ግድግዳው ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ጌጥ የሌለው ብርጭቆ ምረጡ። ውሃ ሙሉበትና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ክፍሉን አጨልሙ። ከዚያ የስልካችሁን መብራት 2 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ከወረቀቱ ከፍታ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አብሩ። መብራቱን አታስጠጉት፤ ጨረሮቹ እየተበተኑ ስለሚገቡ ሹሉ ይርቃል፣ በጣም ከቀረበ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ውሃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.33 ስለሆነ ሹሉ ከብርጭቆው መሃል የሬዲየሱ 2 እጥፍ ላይ ያርፋል። ብርጭቆው 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከኋላ ጠርዙ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ፈልጉት።

አሁን ወደ ዋናው። ቀጭን ስንጥር ከብርጭቆው ፊት አቁሙና ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን አንቀሳቅሱት። ከኋላ የሚወጣው ጥላ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ኩርባውን አንድ ቦታ ነክቶ ያልፋል፣ ስንጥሩ ሲሄድ የሚነካበት ቦታም አብሮ ይንሸራተታል። ጎረቤት ጨረሮች እዚያ ስለሚጠጋጉ ነው መስመሩ የሚደምቀው።

መሳል ከፈለጋችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ሳሉና በመሃሉ መስመር አስረዝሙ። ከዚህ መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከእሱ ጋር ትይዩ ሆኖ የገባ ጨረር ሲወጣ 16 ዲግሪ ታጥፎ፣ ከክቡ መሃል 18.2 ሴንቲ ሜትር ላይ መስመሩን ያቋርጣል። በ7.1 የገባው በ26 ዲግሪ 16.2 ላይ፣ በ8.7 የገባው ደግሞ በ39 ዲግሪ 13.8 ላይ። ከታች በኩልም እንደዚሁ ሳሉ። በየመካከሉ ጨረር በጨመራችሁ ቁጥር ኩርባው ራሱ ብቅ ይላል፣ እናንተ ግን ለጨረሮቹ የሳላችሁት ቀጥ ያሉ መስመሮችን ብቻ ነው!

ኮስቲክ በእርግጥ በአየር ላይ የተዘረጋ ጎባጣ ገጽ ነው፤ ወረቀቱ የሚያሳየው የዚያን ገጽ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ገጹን ለማየት ክብ የመስታወት ኳስ ውሃ ሞልታችሁ ከኋላው ወረቀት አቁሙና እያራቃችሁ ተመልከቱ። ደማቅ ቀለበት ይታያል፣ እየጠበበ ሄዶ ነጥብ ይሆናል። ይህን በፀሐይ አትሞክሩት፣ ኳሱንም መስኮት ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ነጥቡ ወረቀት ያቃጥላል።