የእይታ ነርቭ ዕጢ ከወጣ በኋላ የሬቲናን የደም ዝውውር ለመከታተል

የእይታ ነርቭ ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰውም ሆነ አስታማሚው አስቀድመው ሊረዱት የሚገባው፣ የዓይን ማየትና የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ደም ማግኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። ለሬቲና ውስጠኛ ክፍል ደም የሚያደርሰው ዋና ቧንቧ ከዓይን ኳስ በስተኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከሥር በኩል ወደ ነርቩ ገብቶ፣ በነርቩ መካከል አልፎ ሬቲና ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ነርቩ ከዚህ መግቢያ በስተኋላ ቢቆረጥ ዓይኑ ባያይም ሬቲናው ደም ሊያገኝ ይችላል፤ ለዓይኑ ቀርቦ ከተቆረጠ ግን ቧንቧውም አብሮ ይቆረጣል። ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ነርቩ መቆረጥ አለመቆረጡን፣ ከተቆረጠም የት ላይ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ የኋላው ክትትል በሙሉ የሚመራው በዚህ መልስ ነው።

ዓይኑ የሚያይ ከሆነ በየማለዳው በአንድ ቦታና በተመሳሳይ ብርሃን ተቀምጠው፣ ጤነኛውን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍዎ ሸፍነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ያንብቡ። ሁለቱንም ዓይን ገልጦ መሞከር አይጠቅምም፤ ጤነኛው የሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና። እይታው በድንገት ከጨለመ፣ ሕመም ባይኖረውም (ብዙዎችን የሚያዘናጋው ይኸው ነው) በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ደም የተቋረጠበት ሬቲና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ቆቡ ከተወጠረና ብርቱ ሕመም ከተሰማ ከዓይኑ ጀርባ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማስታገሻ ወስዶ እስኪነጋ መጠበቅም ሆነ ፋሻውን ማጥበቅ አይገባም።

በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን ይመለከታል። ደም ያጣ ሬቲና ይገረጣል፤ መሐሉ ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ደም የሚበዛበት ሽፋን እንደ ቀይ ነጥብ ጎልቶ ይታያል። ዝውውሩን በቅርብ ለማየት ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ ደም ሥር ይሰጥና ፎቶ ይነሣል፤ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ዓይን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሽንት ለአንድ ቀን ያህል ደማቅ ቢጫ ቢሆን አያስደነግጥም፤ አለርጂ ካለብዎ ግን አስቀድመው ይናገሩ።

ማየት ያቆመ ዓይንም ክትትል አይቋረጥበትም። ደም የተራበ ሬቲና በብሌኑ ዙሪያ ባለው ባለ ቀለም ክፍል ላይ አዳዲስ ደም ሥሮች እንዲበቅሉ ሊያደርግ፣ እነዚህም የዓይኑን ፈሳሽ መውጫ ዘግተው ግፊቱን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ካመመ፣ የቀጠሮው ቀን ሩቅ ቢሆንም ሳይጠብቁ ግፊቱን ያስለኩ።